ፒራሚዱ፣ የጉድጓዱ ውኃና እናንተ ሁለታችሁ

የዚህ ዓምድ ተከታታይ ከሆኑት ባለትዳሮች መካከል በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «የጋብቻችንን ዓመት ለማክበር ሜክሲኮ፣ ካንኩን ልንሄድ ነው። እዚያ በአስጎብኚ የሚወሰድ የአንድ ቀን ጉዞ አለ፤ የጥንቱን የማያ ሕዝብ ፍርስራሽ አይቶ፣ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ዋኝቶ መመለስ ነው። ይሁን እንጂ የጣዖት ቤተ መቅደስ ነው አሉን። ለአማኝ ይፈቀዳል ወይ?» ይላል ጥያቄው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሂዱ። ነገር ግን አብራችሁ ሂዱ። አንድ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ ለየብቻ መሄድ እንደሚቻል የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

ስለ ጣዖቱ ከመነጋገራችን በፊት ግን ብዙዎችን በልባቸው የሚወቅሳቸውን ሌላ ነገር እናንሳ፤ እርሱም ገንዘቡ ነው። ባል በሌሊት ይነዳል፣ ሚስት በቀን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እርሱ ሲገባ እርስዋ ትወጣለች፤ በር ላይ ተገናኝተው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤትና ስለ ቤት ኪራይ ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ። ከሚያገኙት ላይ ለእናት ይላካል፣ ለወንድም ይላካል፣ አሥራት ይወጣል፣ ለቅሶና ሠርግ አለ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ካለፉ በኋላ ለሁለቱ ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ኃጢአት መምሰል ይጀምራል። ወገኖቼ፣ በዘዳግም 24፡5 ላይ አዲስ ያገባ ሰው ሚስቱን ደስ ያሰኝ ዘንድ አንድ ዓመት ሙሉ ከጦርነት ነፃ እንዲሆን መታዘዙን ልብ በሉ። ጦርነት የአገር ህልውና ነው፤ ሆኖም ትዳሩ ይቀድም ዘንድ ሕጉ ደነገገ። እናንተ የምትወስዱት አንድ ዓመት አይደለም። ለቤተሰብ የሚላከውን ሳታስቀሩ፣ ብድር ሳትገቡ መሄድ ከቻላችሁ ያለ ወቀሳ ሂዱ። በክሬዲት ካርድ የምትሄዱ ከሆነ ግን ደስታው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይቀርና ዕዳው አብሮአችሁ ቤት ይገባል።

ሌላም አስቸኳይ ነገር አለ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተቋጨ ወገኖች ይህን ጽሑፍ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ ሳይዙ ከአሜሪካ መውጣት ማመልከቻውን እንደተዋችሁት ያስቆጥራል፤ ፈቃዱ ቢኖርም እንኳ ከጠበቃችሁ ጋር ሳትመክሩ አትንቀሳቀሱ። «ካንኩን እኮ ሁለት ሰዓት በረራ ነው፣ ማን ያየናል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ድንበር ድንበር ነው። የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪዎች ያለ ሜክሲኮ ቪዛ መግባት ይችላሉ፤ ፓስፖርታችሁ ግን ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። በጥገኝነት መኖሪያ ፈቃድ ያገኛችሁም በምን ዓይነት የጉዞ ሰነድ መጓዝ እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጉዞው እንሂድ። ከካንኩን ብዙ ሰው የሚሄድበት ፍርስራሽ ቺቼን ኢትዛ ይባላል። በዩካታን ግዛት የሚገኝ ሲሆን ከካንኩን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ቱሉም የሚባለውም አለ፤ በባሕር ዳር ገደል ላይ የተሠራ በግንብ የታጠረ ከተማ ነው፤ ቅርብና ውብ ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ግን ምርጫዬ ቺቼን ኢትዛ ነው። መንገዱ ረጅም መሆኑን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። ደርሶ መልሱ አምስት ሰዓት ነው። ወጥ ቤት የለም፣ የልጅ ጩኸት የለም፣ ፈረቃ የለም። በቤታችሁ አምስት ሰዓት ጎን ለጎን የተቀመጣችሁት መቼ ነበር?

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚይዘው የኩኩልካን ፒራሚድ ነው፤ ኩኩልካን ላባ ያለው የእባብ አምላካቸው ነው። ቁመቱ ከነአናቱ ቤተ መቅደስ 30 ሜትር ያህል ይደርሳል። በአራቱም ጎን 91 ደረጃዎች አሉት፤ የላይኛው መድረክ ሲጨመር 365 ይሆናል፤ የዓመቱ ቀናት ቁጥር ማለት ነው። በመጋቢትና በመስከረም ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የፀሐይ ጥላ በደረጃው ጠርዝ ላይ እባብ የሚወርድ አስመስሎ ይታያል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መውጣት ተከልክሏል፤ ስለዚህ ባሎች ጉልበታችሁን የምታሳዩበት ቦታ አይደለም። ደረጃው ፊት ለፊት ቆማችሁ ብታጨበጭቡ ግን የገደል ማሚቶው እንደ ወፍ ጩኸት ሆኖ ይመለስላችኋል። ሽማግሌውም ሕፃኑም ያጨበጭባል፤ እናንተም አጨብጭቡ።

የኳስ ሜዳውንም ታያላችሁ፤ 168 ሜትር በ70 ሜትር ነው፤ በዚያ አካባቢ ከተገኙት የጥንት ኳስ ሜዳዎች ሁሉ ትልቁ። ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ቀረብ ብላችሁ ስትመለከቱ አንገቱ የተቆረጠ ተጫዋች ታገኛላችሁ፤ ደሙ በእባብ መልክ ሲወጣ ተስሏል። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚወስደውን የጥንት ነጭ መንገድ ይዛችሁ ጥቂት ከሄዳችሁ መሬቱ በድንገት ተከፍቶ አረንጓዴ ውኃ የሞላበት፣ ወርዱ 60 ሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ትቆማላችሁ። ቅዱስ የሚሉት ጉድጓድ ይህ ነው። ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤድዋርድ ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ ደለሉን እያስወጣ ሲፈትሽ ወርቅ፣ ጄድ የሚባል አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ፣ የእጣን ሙጫና የሰው አጥንት አገኘ።

የጥያቄው እምብርት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የዩካታን ምድር የኖራ ድንጋይ ነው፤ የዘነበው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ በሰሜኑ ክፍል በምድር ላይ የሚፈስ ወንዝ የለም ለማለት ይቻላል። ሕዝቡ የሚጠጣው ጣሪያቸው ተደርምሶ ከተከፈቱ የምድር ውስጥ ዋሻዎች ነበር፤ ሴኖቴ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዝናብ ሲጠፋ በቆሎው ይደርቃል፣ ሰውም ያልቃል። ስለዚህ ለቻክ፣ ለዝናብ አምላካቸው፣ የሚወዱትን ሰጡ። በ1967 እ.ኤ.አ. ከዚህ ጉድጓድ ብዙም ሳይርቅ በአንድ የምድር ውስጥ ማከማቻ ውስጥ ከመቶ በላይ የሆኑ የሕፃናት አጽም ተገኘ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ምርመራ የ64ቱን አይቶ ሁሉም ወንዶች መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም በሥጋ የሚዛመዱ መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ውስጥ ሁለት ጥንድ ፍጹም መንትዮች መኖራቸውን ገለጠ። አብዛኞቹ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ነበሩ።

ይህን ሳያውቁ ፎቶ ተነስተው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። እናንተ ግን አውቃችሁ ቁሙ። «እንዲህ ያለ ቦታ መሄድ መንፈሳችንን ያውካል» ላላችሁት፣ ጳውሎስ በአቴና ምን እንዳደረገ የሐዋርያት ሥራ 17ን አንብቡ። ከተማይቱ በጣዖት ተሞልታ ሲያይ መንፈሱ ተበሳጨ፤ ነገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ አላለፈም። እየተዘዋወረ መሠዊያዎቻቸውን ተመለከተ፣ ጽሑፋቸውን አነበበ፣ በኋላም ሲናገራቸው ካየው ነገር ተነሣ። ማየት ስግደት አይደለም። መበሳጨትም ለመሄድ እንቅፋት አይደለም፤ እንዲያውም በዚያ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቆሞ ምንም የማይሰማው አማኝ ካለ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ልጆቻችሁን ለአያት አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ አባትና እናት ናችሁ፤ እነዚያም አባትና እናት ነበሩ። ለዝናብ ብሎ ከዋርካ ሥር ቅቤ የሚቀባ፣ ለአድባር የሚያርድ ዘመድ ያለን ሰዎች ደግሞ ስለ ድርቅ ፍርሃት ከማንም የተሻለ እናውቃለን። አንድ ልጅ ብቻ ለሁሉ ተሰጥቶ ነገሩ ተፈጸመ የሚለው ወንጌል ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ምን ያህል የምሥራች እንደሆነ እዚያ ቆማችሁ ተነጋገሩበት።

ነገር ግን ንቀት እንዳይገባባችሁ ሌላ ቀን ልጨምርላችሁ፤ ሐምሌ 12 ቀን 1562፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ማኒ በምትባል የዩካታን ከተማ ዲዬጎ ደ ላንዳ የተባለ የፍራንሲስካውያን መነኩሴ የማያዎችን መጻሕፍትና ምስሎች ሰብስቦ አቃጠለ፤ ጣዖት አልተዉም የተባሉትንም በግርፋትና በስቃይ አስመረመረ። ዛሬ ከማያ መጻሕፍት በዓለም ላይ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። በመስቀል ስም የተደረገ ነው። የሚያስገርመው ግን ይኸው ሰው ስለ ፊደላቸው የተወው ማስታወሻ፣ ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ የሶቪየት ምሁር በ1952 እ.ኤ.አ. ጽሕፈታቸው የሚነበብበትን ቁልፍ እንዲያገኝ ረዳው። ዜሮን ከማንም ሳይቀዱ ያወቁ፣ የፀሐይን ዑደት በድንጋይ ደረጃ የቆጠሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የጻፉትን እንድናነብ የረዳን አቃጣያቸው ነው።

ማያ አልቆ የጠፋ ሕዝብም አይደለም። ዛሬ በዩካታን ልሳነ ምድር ቋንቋውን የሚናገሩት ከ7 መቶ ሺህ በላይ ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አላቸው፤ በመንደሮቻቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታገኛላችሁ፣ በተለይም ፕሬስቢቴሪያኖች። ብዙ ጊዜ አስጎብኚያችሁ ራሱ ማያ ነው። እንግዲያው «የእናንተ ሰዎች ለምን ሰው ያርዱ ነበር?» ብላችሁ አውቶቡሱ ውስጥ አትጀምሩ። ይልቅስ በቋንቋችሁ ምስጋና እንዴት ይባላል ብላችሁ ጠይቁት። «ዲዮስ ቦኦቲክ» ይላችኋል፤ እግዚአብሔር ይክፈልህ እንደ ማለት ነው። እናንተም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን ተርጉሙለት። ከዚያ ወዲያ ሰውየው እንደ ቱሪስት አያያችሁም። ዋሻዎቹ ስለተሠሩበት ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ሲጠራ ደግሞ አንዳንድ ወንድሞች እጅ አውጥተው መከራከር ያምራቸዋል። ተዉት፤ አርባ ሰው ምሳ እየጠበቀ ነው።

ማየት ስግደት አይደለም ብያለሁ። ድንበሩ የት እንደሆነም ልንገራችሁ። በአንዳንድ ጉዞዎች ላይ ወደ መዋኛው ውኃ ከመውረዳችሁ በፊት ነጭ የለበሰ ሰው በሸክላ ማጨሻ ኮፓል የሚባል ሙጫ እያጨሰ የመንጻትና የበረከት ሥርዓት ነው ይላል፤ እንግዳውም ተራ በተራ ይታጠናል፣ በጫካውና በውኃው መናፍስት ስምም ፈቃድ ይጠየቃል። ለብዙ ቱሪስት ይህ ትርኢት ነው። ለእኛ ግን ትርኢት ነው ብለን የምናልፈው አይደለም፤ የታጠነው ሰው ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ተካፋይ ሆኗል። ቲኬት ስትቆርጡ ይህ ይኑር አይኑር ጠይቁ። ካለም በፈገግታ «ኖ፣ ግራሲያስ» ብላችሁ ወደ ጎን መቆም ትችላላችሁ፤ ማንም አያስገድዳችሁም። ዋናው ነገር ውሳኔውን አውቶቡስ ውስጥ እያላችሁ ሁለታችሁ መጨረሳችሁ ነው። ሰዉ ሁሉ ተሰልፎ እያለ እርስዋ ስትገባ እርሱ ቢቀር፣ ወይም እርሱ «ምን ችግር አለው፣ አታሳፍሪኝ» ቢል፣ ቀኑ እዚያ ላይ ይበላሻል። ከመንፈሱ ጥያቄ ይልቅ በሰው ፊት መጋለጡ የሚያቆስለው ትዳር አለ።

አሁን ወደ ውኃው እንውረድ። የምትዋኙት ያ ቅዱስ የተባለው ጉድጓድ ውስጥ አይደለም፤ እርሱን ከጠርዙ ላይ ታያላችሁ እንጂ መግባት አይፈቀድም። ብዙ ጉዞዎች የሚወስዱት ከፍርስራሹ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ኢክ ኪል ወደሚባለው ነው። ውኃው ከመሬቱ አፍ 26 ሜትር ያህል ወደ ታች ነው፤ ከዓለቱ ተጠርቦ በተሠራ ደረጃ ይወረዳል። ከላይ የዛፍ ሥሮች እንደ ገመድ ተንጠልጥለው ውኃው ድረስ ይደርሳሉ፤ ብርሃን በሰማዩ ክብ በኩል ይወርዳል፤ ጥቋቁር ትናንሽ ዓሣዎች በእግራችሁ መካከል ያልፋሉ። ውኃው ጥርት ያለና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ፀሐይ በኋላ ነፍስን ይመልሳል። በሌሎች ሴኖቴዎችም የሰው አጥንት የተገኘባቸው አሉና «ውኃው የተረገመ አይሆንም ወይ?» ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 በሥጋ ገበያ ስለሚሸጠው ሥጋ የመከረውን አስቡ። ውኃውን የሠራው እግዚአብሔር ነው። ኅሊናው እሺ ያላለው ደግሞ ዳር ቆሞ እግሩን ይንከር፤ የትዳር ጓደኛውም አይዘብትበት።

አንድ እውነት በግልጽ እንነጋገር፦ ብዙዎቻችን ዋና አንችልም። በደጋ ያደገ ሰው የሚያውቀው ውኃ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ነው። ኢክ ኪል ግን ከ40 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ ዳሩ ላይ ቆማችሁ የምትላመዱበት ጥልቀት የሌለው ቦታ የለውም። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ሳታጠልቁ አትግቡ፤ ማሰሪያውንም እርስ በርሳችሁ ተያዩ። ወንድሜ፣ ዋና የምትችል ከሆንህ ከከፍታው ላይ ዘለህ ጭብጨባ መቀበልህ መልካም ነው፤ ሚስትህ መሰላሉን በሁለት እጅዋ ጨብጣ እየተንቀጠቀጠች ከሆነ ግን ቦታህ ከመሰላሉ ሥር ነው። አንቺም እህቴ፣ እርሱ የማይችል ሆኖ ፍርሃቱን «ጉንፋን ይዞኛል» በሚል ቃል ቢሸፍነው፣ ወንድ አይደለህም የሚመስል ሳቅ በሰው ፊት አትሳቂ። ያ ሳቅ አሜሪካ ድረስ ተከትሎ ይመጣል። ያልቻለውን ይዞ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ «ያዝሁህ፣ አለሁ» ማለት፣ ጃኬቱ ሲያነሣው ፊቱ ሲፈታ ማየት ከፒራሚዱ የሚበልጥ ነገር ነው።

የልብስ ጉዳይም ያጨቃጭቃል። ባል በሆቴሉ ባሕር ዳር ያየውን ሁሉ ስላየ «አንቺም እንደ ሰው ልበሺ» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ወይም በተቃራኒው ሚስቱ የመረጠችውን አይቶ ፊቱ የሚጠቁርበት። በሴኖቴ ውስጥ ሸሚዝና ቁምጣ ለብሶ መግባት የተለመደ ነው፤ ጃኬቱም ከላይ ይጨመራል። የሚያሳፍር የለም። ቤት ሳላችሁ ሻንጣ ስትሸክፉ ተነጋገሩበት እንጂ መልበሻ ክፍል በር ላይ አይሁን። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ግዴታ ነው፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውኃውን ስለሚበክል ታጥቦ መውረድ አለበት። ፀሐዩን በባርኔጣና ረጅም እጅጌ ባለው ልብስ መከላከል ይሻላል። ደረጃው እርጥብ ነውና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ።

የቀረውን በአጭሩ። ቺቼን ኢትዛ ሁለት ክፍያ አለው፤ አንዱ የፌዴራል ሌላው የግዛቱ ነው። «ሁሉም ተካትቷል» የሚሉ ርካሽ ጉዞዎች አንዳንዴ ይህን መግቢያ አያካትቱም፤ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥቂት ፔሶም በጥሬው ያዙ። በመንገድ ላይ የዕቃ መሸጫ ሱቅ ማስቆማቸው አይቀርም፤ ጊዜያችሁን የሚበላው እርሱ ነው፤ ከፍርስራሹ ግቢ ውስጥ ከሚሸጡት መንደርተኞች ብትገዙ ይሻላል። ምሳው ቡፌ ነው። ኮቺኒታ ፒቢል የሚባለው ታዋቂ ምግባቸው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በምድር ጉድጓድ የሚበስል የአሳማ ሥጋ ነው፤ የማትበሉ ካላችሁ በዶሮ የሚሠራውን ፈልጉ። ሐባኔሮ የሚባለውን ቃሪያ «የሚጥሚጣ ልጅ ነኝ» ብሎ በማንኪያ የሚዝቅ ወንድም አይጠፋም። ሚስቱ ውኃ ትያዝለት።

የሰዓቱን ነገር አትርሱ። ካንኩን ያለችበት የኪንታና ሮ ግዛት ከዩካታን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ላይ ከሆቴል ተነሥታችሁ ስትሄዱ አንድ ሰዓት ታተርፋላችሁ፤ ማታ ስትመለሱ ያቺው ሰዓት ትወሰዳለች። አውቶቡሱ በየሆቴሉ ሰው እያወረደ ሲዞር የእናንተ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ የሆቴሉም እራት ሊዘጋ ይችላል። በመንገድ ላይ ቫያዶሊድ ከተማ ሲያቆሙ፣ ሌላው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃ ፎቶ ሲያነሣ፣ አንዳችሁ ለሁለታችሁ የሚበቃ ዳቦና ሙዝ ግዙና በቦርሳ ያዙ።